ቀዩ ከላይ፣ ሰማያዊው ከሥር

ግቡ፣ ግቡ፤ በሩን ዝጉት፤ ብርዱ ከእናንተ ቀድሞ ገብቷል። ጋሽ ሀብተማርያም፣ እርስዎ እዚህ ማሞቂያው አጠገብ ይሁኑ። ወንድም እዝራ፣ አንተም ጎናቸው እለፍ። ጫማውን ተዉት፤ ባለቤቴ የሻሽወርቅ ወለሉን ኋላ ትወለውለዋለች። መንገዱ እንዴት ነበር? ከቶሮንቶ ያኛው ጫፍ ከሬክስዴል እዚህ ስካርቦሮ ድረስ፣ በዚህ በረዶ... ሃይዌዩ ላይ መኪናው ውሃ እንደሚወርድ ከብት ተሰልፏል አሉ። እንኳን በደህና ደረሳችሁ።

እኔ እኮ ይህን በረዶ እስካሁን አልለመድኩትም። አገር ቤት ሁሩታ ሳለሁ ሰማዩ ሲጠቁር ስንዴዬን በረዶ እንዳይመታብኝ ተንበርክኬ ነበር የምጸልየው። እዚህ ግን ሰዉ ሆን ብሎ ውሃ ያፈሳል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ በላዩ ላይ ይጋጭበታል። ዋንጫም ይሰጠዋል! እኛ የምንሸሸውን እነሱ መጫወቻ አደረጉት። አገር ቢዞሩት አያልቅም።

አይ፣ አይ፣ ቆማችሁ አታናግሩኝም። ወጉን አውቀዋለሁ፤ «ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ልትሉ ነው። ተቀመጡ። እግር ማሳረፍ እሺ ማሰኘት አይደለም። ባለፈው መጥታችሁ «ልጅዎን ሀኒን ለልጃችን» አላችሁ፤ እኔ «ልምከርበት» አልኩ፤ ዛሬ መልሱን ልትሰሙ መጣችሁ። ይኸው ነው ነገሩ፤ ተቀምጠንም ይነገራል።

ያ... በሩ ጋ የቆመው ማነው? ሹፌራችሁ ነው? ታዲያ ለምን ይቆማል? ግባ የኔ ልጅ፤ እዚያች ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥ። በዚህ ብርድ ሰው መኪና ውስጥ አይጠብቅም። ወሬው አንተን አይመለከትም፤ የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው። ስልክህን እያየህ ቆይ።

ጋሽ ሀብተማርያም፣ ምነው ሳል ያዘዎት? ... አልያዘዎትም? እንግዲያው ደህና። እኔማ ወጉን ስለማውቅ ነው። በእኛ ወግ ሽማግሌ ላኪው ከላካቸው ሽማግሌዎች ጋር አይመጣም። ቤቱ ተቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ይህ ልጅ ሹፌር ነው። ሽማግሌዎቹ በበረዶ መንዳት ቢፈሩ ያመጣቸው ደግ ሹፌር። ፊቱ ከማውቀው ሰው ፊት ጋር ቢመሳሰልብኝም... የሰው ፊት ይመሳሰላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እዚህ አገር ሁሉም ኮፍያና ሻርፕ ነው፤ ማን ማንን ይለያል?

ሀኒ! ሻዩን አምጪ እንጂ። ... ተዉአት፤ ትመጣለች። ኩሽና ብትሆንም ጆሮዋ እዚህ ነው።

እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም፤ ያውቁኛል። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ ያናገርኩት በሬ ነው፤ በሬ ደግሞ ንግግር አያበዛም። ይህች ልጄ ግን ባለፈው ሳምንት ምን አለችኝ መሰለዎት? «አባባ፣ አንተ ዝም ካልክ እሺ ብለሃል ብዬ ነው የምቆጥረው» አለችኝ። አያችሁ ዘመኑን? ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ ሰምቼ ስንት ዓመት ሳጠራቅም ኖርኩ፤ አሁን ለካ ዝም ብዬ ልጄን ልድር ነበር! ስለዚህ ዛሬ አወራለሁ። ታገሡኝ።

በመጀመሪያ ልጃችሁን ላመስግን። ልጃችሁ ስል ያን ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ማለቴ ነው።

ያን የበረዶ ላይ ጨዋታ፣ ሆኪውን፣ ያስተማረኝ እሱ ነው። ውለታ አልክድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብሉር ጎዳና ምግብ ገዝቶ ይመጣል፤ የሻሽወርቅ «ምን ያለ አሳቢ ልጅ ነው!» ትላለች፤ እኔ ዝም። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና «አባባ፣ ያቺን ጥቁር ነገር ይከተሏት» ይለኛል። እንዴት ልከተላት? ዝንብ እንኳ አንዳንዴ ታርፋለች፤ ያቺ ግን አታርፍም። እሱ ታዲያ በትዕግሥት ያስረዳኛል። «አባባ፣ አምስት ለአምስት ናቸው፤ በየበኩላቸው ደግሞ አንድ አንድ በረኛ አላቸው። ሲደክማቸው ጨዋታው ሳይቆም ይቀያየራሉ። ግን አንዱ ሳይወጣ ሌላው ገብቶ ከተጫወተ ጥፋት ነው። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው መስታወት ቤቱ ውስጥ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል» አለኝ። «ምን አጠፋ?» አልኩት። «ሜዳው የሚችለው ቁጥር አለ አባባ፤ ከዚያ በላይ ማስገባት ማጭበርበር ነው» አለኝ።

በራሱ አፍ ነው ያለኝ። ሕግ እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ወጣት ዛሬ ከየት ይገኛል? አንዷ ሳትወጣ ሌላዋ... ይቅርታ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ! ምላሴ ነው፤ ያው ስላልለመደ ይሰናከላል።

ያን መስታወት ቤት ግን ወደድኩት። ጥፋተኛውን አይሰድቡትም፤ አይመቱትም። ሰው ሁሉ እያየው ቁጭ ይላል፤ በቃ። የእኛ አገር ዳኛ ይህን ቢያውቅ ስንት ጭቅጭቅ ይቀር ነበር! ... ሹፌሩ፣ በርጩማዋ ተመቸችህ? ጎሽ። ካፖርትህን አውልቀህ ተቀመጥ እንጂ፤ ቤቱ ይሞቃል። ... እንደ ፈቀድህ። ልብስ ማውለቅ የማይወድ ሰው አለ፤ ከሥር የለበሰውን እሱ ነው የሚያውቀው።

ከሁሉ የገረመኝ የአገር ለአገሩ ውድድር ነው፤ ወንድም እዝራ። ዓመቱን ሙሉ እነዚህ ተጫዋቾች ተደባልቀው ነው የሚጫወቱት አሉ። የካናዳው ልጅ አሜሪካ ከተማ ቡድን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካው ልጅ እዚህ ነው። አብረው ይበላሉ፤ አንዱ ሲያገባ ሌላው ያቅፈዋል። አገር ለአገር ሲሆን ግን ያ ቀይ ይለብሳል፤ ይሄ ሰማያዊ ይለብሳል፤ አለቀ! የትናንት ጓደኛውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። አንድ ጊዜማ ጨዋታው ገና ሲጀመር ዱላቸውን ጣሉ፣ ጓንታቸውን አወለቁ፣ ቡጢ ገጠሙ። ደነገጥኩ። «ወዳጆች ናቸው አላልከኝም እንዴ?» አልኩት። ልጃችሁ ሳቀና ምን አለኝ? «አባባ፣ ወዳጅነት ሌላ ነው፤ ማልያ ሌላ ነው። ሰው ማልያ ከለበሰ የማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።»

እስቲ ይህን ቃል ልብ በሉት። ሰባኪ እንዲህ አይናገርም!

ልጄም ልብ አለችው። የምትሠራበት የአዛውንቶች መንከባከቢያ ውስጥ ተጨማሪ ሺፍት ገባች። እግሯ አብጦ ስትመጣ አያለሁ፤ አልጠይቅም። በኋላ ስሰማ ለካ የካናዳን ቀይ ማልያ ልትገዛለት ኖሯል። ገዝታም ዝም ብላ አልሰጠችውም፤ ጀርባው ላይ ስሙን አሰፋችበት። እኔ ያን ማልያ አይቼ «ከጨርቁ ክሩ ይበልጣል» አልኩ በልቤ። ማልያ ማንም ከሱቅ ይገዛል፤ ስም የምታሰፋ ግን የወደደች ናት።

ይህን ያዙልኝና ወደ ፍጻሜው ጨዋታ እንሂድ። ያን እሁድ ካናዳና አሜሪካ የተጋጠሙ ዕለት፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ሁላችንም የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ፓስተሩ «እግዚአብሔርን ባመሰገናችሁበት አፍ ዳኛ አትስደቡ» ብለው ፈቀዱ። እናንተም ነበራችሁ፤ ግን እናንተ የምታዩት ቴሌቪዥኑን ነው። እኔ ያቺ ጥቁር ነገር አሁንም ዓይኔ ውስጥ ስለማትገባ፣ ሰው ሰውን ነው የማየው።

ልጃችሁ ቀዩን ለብሶ መጣ። እንዴት አምሮበታል! ደረቱ ወፈር ብሏል፤ ያው ብርድ ይፈራል፤ ከሥር ደርቧል ብዬ አለፍኩት። ብልህ ሰው ለብርድ ደርቦ ይለብሳል። የአሜሪካ መዝሙር ሲዘመር ግማሹ አዳራሽ ሲያጉረመርም፣ እሱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እጁንም ደረቱ ላይ አደረገ። የካናዳው ሲዘመርም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ያችኑ እጅ እዚያው ደረቱ ላይ አደረገ። አክባሪ ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ በሁለት ቤት የበላስ? በየትኛው ይጩኽ? ይቸግራል እኮ... በእሱ አልፈርድም።

ጨዋታው ሦስት ጊዜ ተከፍሎ ነው፤ በመሀል ዕረፍት አለ። ዕረፍት ሲሆን ሰው ሁሉ ወደ ሳምቡሳው ይሄዳል፤ እሱ ግን ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። ለካናዳ ሊጸልይ ነው አልኩ። በሁለተኛው ዕረፍት እኔም እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ቀዩ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ደረቱ ላይ የአሜሪካ ሰማያዊ ማልያ አለ። ስልኩን ከፍ አድርጎ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ፎቶ ይነሳል። እንዴት ያለ ፈገግታ መሰላችሁ! ለእኛ ቤት እንኳ እንዲያ ፈገግ ብሎ አያውቅም። እኔን አላየኝም። ዞር ሲል ጀርባውን አየሁት። ሰማያዊውም ላይ ስሙ ተሰፍቶበታል።

እህ... እንግዲህ እኔ ምን ልበል? ራሱ አሰፍቶት ይሆናል። ራሱን የሚወድ ሰው ብርቅ ነው? አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉ ነበር። ምን ያድርጉ፤ በአንድ እግር ወደዚህ፣ በአንድ እግር ወደዚያ የሚያንሸራትት ጫማ በእነሱ ዘመን አልነበረ!

ከዚያ ሦስተኛውም ክፍል አለቀና እኩል ሆኑ። «በፍጻሜ እኩል መውጣት የለም አባባ፤ መጀመሪያ ያገባ ይወስዳል» ብሎ ያስተማረኝ ያው ልጃችሁ ነው። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። እሱ በዚያም ዕረፍት ወጥቶ ኖሮ ገና ከኮሪደሩ እየተመለሰ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ቀዩን በራሱ ላይ ያጠልቃል። ቸኩሏል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ሲሮጡ የለበሱት ግን አንገት ላይ ይቀረቀራል ለካ። አንድ እጁ እጅጌ ውስጥ፣ አንድ እጁ ሰማይ ላይ፣ ጭንቅላቱ ማልያው ውስጥ እንዳለ... አሜሪካ አገባች።

አዳራሹ እንደ ለቅሶ ቤት ጭጭ። አሮጊቶቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከቀዩ ማልያ ሆድ፣ አንድ ድምፅ ብቻ «ጎ-ል!» ብሎ ጮኸ።

ማን እንዳገባ ሳያይ! ይህ ነው እምነት ማለት፤ ሳያዩ ማመን። ማንም ያግባ፣ እሱ ደስተኛ ነው። ጭንቅላቱ ሲወጣ ሁላችን ዞረን እያየነው ነው፤ ከደረቱ በላይ ቀይ፣ ከደረቱ በታች ሰማያዊ። «ወንድሞች፣ ስፖርት ወዳጅነት ነው፤ ለሰላም ብዬ ነው ሁለቱን የለበስኩት» አለ። ሳቃችሁ። እርስዎማ ጋሽ ሀብተማርያም፣ እንባዎን ነው የጠረጉት። ሀኒም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እኔ ያው ቶሎ አልስቅም። ግን ልጄ እንዲያ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አላይም። ስለዚያች ሳቅ ብዬ፣ ያየሁትን እዚያው ውጬ፣ ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው። አንድ ማልያ ምን አላት? ጨርቅ ናት።

ሻዩ መጣ። የሻሽወርቅ፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽው? ... ይሁን፣ ለጋሽ ሀብተማርያም ስኳሩን ቀነስ አድርጊላቸው። ለሹፌሩም ስጪው። ምነው ፊትህን ወደ በሩ አዞርክ የኔ ልጅ? መሪ ብዙ ጊዜ የያዘ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ነው።

የት ነበርኩ? ... ሰኞ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ። እኔ ላም ባይኖረኝም ላም በምታለብበት ሰዓት እነቃለሁ። ሀኒ አዝናልኝ ስልኬ ላይ የጸሎት መስመር አስገብታልኛለች። የእኛ ሰዎች ከየከተማው በስልክ እየገቡ አብረው የሚጸልዩበት ነው፤ ከዳላስም፣ ከሲያትልም፣ ከካልጋሪም። የእኔን ድምፅ ዘግታ ነው የሰጠችኝ፤ እንደ ጠባዬ። እሰማለሁ ብቻ። ያን ዕለት የምስክርነት ተራው ሲደርስ አንዲት እናት ከኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ገቡ። ድምፃቸው ከደስታ ብዛት ይንቀጠቀጣል። «ጌታ ለልጄ ባል ሰጠልኝ!» አሉ። «የቶሮንቶ ልጅ ነው። ትራክ ይነዳል፤ ጭነት ይዞ ወደዚህ ሲመጣ ከማዕዳችን ሳይበላ አያልፍም። ልጄ ጀርባው ላይ ስሙን አሰፍታ የአሜሪካን ማልያ ገዝታለት ነበር። ትናንት በካናዳውያን መካከል፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ውስጥ፣ ማንንም ሳይፈራ ለብሶ ፎቶ ላከላት። በባቢሎን መካከል እንደ ዳንኤል ቆመ!» መስመሩ በሙሉ በእልልታ ተናጋ።

እንደ ዳንኤል! ... እኔ የዳንኤልን መጽሐፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኮሪደር ውስጥ ገብቶ ልብስ ቀየረ የሚል አላገኘሁበትም። ምናልባት ንባቤ ደካማ ሆኖ ይሆናል።

የልጁን ስም ከነአባቱ ጠሩት። እኔ ስም ማንሳት አልወድም። ቶሮንቶ ሰፊ ነው፤ ስም ይመሳሰላል፤ ትራክ የሚነዳ የእኛ ልጅም ሞልቷል። ስለዚህ የሻሽወርቅን ቀሰቀስኳትና «ይህን ነገር ክፈቺልኝ፤ ልናገር ነው» አልኳት። ቤት የተቃጠለ መስሏት ብድግ አለች። «እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ልጁ ሽማግሌ ልኳል?» አልኩ። «ልኳል አባቴ! ለትንሣኤ ቀለበት እናስራለን» አሉኝ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። እኔ የጎረጎርኩት ዓሣ እንኳ አልነበረም፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልል ብቻ ነው የገባሁት... ዘንዶው ራሱ ወጣ።

ያን ሁሉ ሰው እየሰማ የሴትዮዋን ደስታ አላፈረስኩም። ሴት ልጅ አላቸው፤ እኔም አለችኝ። ጸሎቱ ሲያልቅ የሻሽወርቅ ስልካቸውን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እናቶች የተነጋገሩትን እኔ አላውቅም። የእናቶች ነገር ነው። የኮሎምበሷ እናት ግን ዛሬ ማለዳ ደውለው «አሁን ለልጄ እነግራታለሁ፤ ከዚያ ለእሱ ራሷ ትደውልለት» ብለዋል አሉ...

ሹፌሩ፣ ስልክህ እየጠራ ነው። ... አንሳው እንጂ የኔ ልጅ፤ ከሩቅ የሚደወል ስልክ አይናቅም። ... አታነሳም? ጎሽ፤ በሽማግሌ ፊት ስልክ አለማንሳት ጨዋነት ነው። ደግማ... ደግሞ እየጠራ ነው። ይጥራ፤ እኛን አልረበሸንም። ይልቅ ትራክ ስለሚነዱ ልጆች አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድንበሩ ላይ ፖሊሱ «የምታሳውቀው ነገር አለህ?» ብሎ ይጠይቃል አሉ። እውነት ነው? ታዲያ ሰዉ ምን ይመልሳል? ... «የለም» ነው የሚለው፣ አይደል? እንዴት ያለ ቀላል ጥያቄ ነው!

ጋሽ ሀብተማርያም፣ ቀና ይበሉ። እርስዎን አልወቅስም። እርስዎ ያዩት ቀዩን ነው፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ያየሁት ቀዩን ነበር። በሽበትዎ ቆመው ለምነዋል፤ ሽበት ደግሞ ሁለት መልክ የለውም። ይልቅ እርስዎን የላከ ሰው ሌላ ጊዜ ሲልክዎ «ስንተኛው ነኝ?» ብለው ይጠይቁት። ኮሎምበስም ሽበት ያላቸው ሰዎች ተልከዋልና። በሬ ስገዛ እንኳ እኔ «ይህን በሬ ሌላ ሰው ይዞታል ወይ?» ሳልል ገመዱን አልጨብጥም ነበር። በሬው አይዋሽም፤ ደላላው ነው የሚዋሽ። እዚህ ግን ደላላውም በሬውም አንድ ሰው ሆኖ መጣብን፤ ይህ ነው የገረመኝ።

ፓስተሩ በመጪው እሁድ በጉባኤው ፊት ሊያሳውቁ ነበር፤ ታውቃላችሁ። ሕዝቡ ሁሉ ለልጄ ቆሞ ሊያጨበጭብላት ነበር። ትንሣኤ ላይ ደግሞ ኮሎምበስ ይጨበጨብ ነበር። ከዚያ ከሁለቱ ልጆች አንዷ... ተዉት። አልቋል።

ዛሬ ጠዋት ነገርኳት። እንዴት እንደሚነገር ስለማላውቅ፣ ያየሁትንም የሰማሁትንም በቅደም ተከተል ብቻ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «አባባ፣ ዛሬ ዝም እንዳትል» አለችኝ። ይኸው አላልኩም።

እንግዲህ መልሳችንን ውሰዱ። ልጃችንን አንሰጥም። ከእናንተ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቀዩን ማልያ አስመልሱልን። ሀኒ ስሙን በመርፌ ተርትራ ታወጣውና ከምትንከባከባቸው አዛውንት ለአንዱ ትሰጠዋለች። ሰውየው ሁሉንም ነገር እየረሱ ነው አለችኝ፤ ልጆቻቸውንም ረስተዋል፤ ቁርስ መብላታቸውንም ይረሳሉ። የማን ቡድን ደጋፊ እንደሆኑ ግን አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ለእሳቸው ይበቃል። ልጃችሁ ሰማያዊው አለው፤ አይበርደውም። እሱም ከቀረለት።

ተነሱ እንግዲህ፤ መንገዱ ሳይጨልም። ጨዋታው ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ሁሉ ተሰልፈው እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ይህንም ልጃችሁ ነው ያስተማረኝ። ጥሩ ወግ ነው። ጋሽ ሀብተማርያም፣ እጅዎን። ወንድም እዝራ። ... ሹፌሩም ና፤ ምን አጠፋህ አንተ? ሽማግሌ ነው ያደረስክ። እጅህ ምነው ቀዘቀዘ? ሻዩንም አልቀመስከውም።

አይ፣ ሳይመረቅማ አይኬድም። ሁልጊዜ ሽማግሌ ነው የሚመርቀው፤ ዛሬ ግን እኔ ላድርገው። ለዚያ ቤቱ ተቀምጦ ለሚጠብቀው ልጃችሁ ነው፤ አንድ ቃል ሳይጎድል አድርሱልኝ። ቂም እንደሌለኝ እንዲያውቅ።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። መንገዱን ያቅናለት። ዳቦ አይጥፋ ከቤቱ፣ ጤና አይጥፋ ከደጁ። ትዳር ይስጠው፤ በትዳሩም ልጅ ይስጠው። የመጀመሪያዋ ሴት ትሁንለት። መልኳ ያማረ፣ ልቧ የዋህ፣ የነገሯትን የምታምን ልጅ። በጉልበቱ ላይ ትደግ፤ ስትስቅ አይቶ ይጥገብ። ከዓይኑ ብሌን ይልቅ ይውደዳት። ካደገችም በኋላ፣ ዕድሜው ገፍቶ፣ ሌላ የቀረው ነገር ሳይኖር፣ እሷ ብቻ ስትቀረው፣ አንድ ቀን በሩ ይንኳኳ፤ ሽማግሌ ይግባ። ያን ቀን እግዚአብሔር ያክብረው። ለዚያች ልጁ፣ በመልኩም፣ በአንደበቱም፣ በልቡም፣ ከእሱ ከራሱ በምንም የማይለይ ወንድ ያምጣላት።

አሜን በሉ እንጂ።

... ሹፌሩስ? አልሰማሁህም፣ የኔ ልጅ።